ቆጣሪው ሌሊት ነው ያለው ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እግሬ አላርፍ ይለኛል። ሰቆጣ ውስጥ ያላንኳኳሁት በር አለ ለማለት ያስቸግረኛል። የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ጩኸት ብቻ እንደሆነ፣ የትኛዋ ሴትዮ ቆጣሪዋ ላይ የሽንኩርት ዘንቢል እንደምትሰቅል ዛሬም በቃሌ አውቃለሁ። “ቆጣሪ ነኝ!” ብዬ ስጣራ “ግቢ፣ እህል ቅመሺ” የማይለኝ አልነበረም። ባለቤቴ ሲያሾፍብኝ “ለመሆኑ አንቺ የምትቆጥሪው መብራት ነው ወይስ እንጀራ?” ይለኝ ነበር።

አሁን ደጅ የሚመጣ የለም። ቆጣሪው ጎን ሲም ካርድ የያዘ ትንሽ ሞደም ይገጠማል፤ ከማዕከል ያለ ኮምፒውተር ይጠይቀዋል፣ ቆጣሪው ይመልሳል፣ አለቀ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቶችንና የውሃ ፓምፑን ነበር እንዲህ የሚያነቡት፤ ዛሬ ወደ ተራው ሰው ቤትም እየገባ ነው። ጥሩ ነው። በሐምሌ ጭቃ የሚንሸራተት፣ በውሻ የሚነከስ ሠራተኛ ቀርቷል። እኔን ግን ደጁ ናፈቀኝ። ከደጁም ይበልጥ ደጅ መርገጥ ያስተማሩኝ ሰው ናፈቁኝ።

ጋሽ ኪሮስ የዋግ ሰው ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው። የቆጣሪ ቁጥር ሲያነቡ መጀመሪያ በኽምጣኛ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ፤ ቀጥሎ በአማርኛ ለእኔ ይነግሩኛል። ሁለቱ ካልተስማሙላቸው መስታወቱን በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል አድርገው እንደገና ያነባሉ። ገና ጀማሪ ሳለሁ “ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ስላነበብን ሁለት ደሞዝ ይሰጡናል እንዴ?” ብላቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ስለ ደሞዙ ይኼን ካልኩ ይበቃል፤ ያስጨረሰንን ጫማ አይተካም ነበር።

የቆጣሪ ሳጥን ከመንካታቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጉታል። ብረቱ ኤሌክትሪክ ይዞ ከሆነ መዳፍ ይጨብጥና አልለቅም ይላል፤ የእጅ ጀርባ ግን ሲመታው ይሸሻል። ሳጥኑ ሞቆ ካገኙት ውስጡ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ። በአሮጌው ቆጣሪ ውስጥ የምትሽከረከር ቀጭን ሳህን አለች፤ የቤቱን መብራት ሁሉ አስጠፍተው ሳህኗን ቁጭ ብለው ያዩዋታል። ቤቱ ጨልሞ እሷ ከዞረች የሆነ ቦታ ሽቦው ያፈሳል። ሰው “በዛብኝ” ብሎ ሲከራከራቸው አይቆጡም፤ “ቆጣሪ አይዋሽም የኔ ልጅ፣ ና አብረን እንየው” ብለው ያንበረክኩታል። ስንቱን ባለሱቅ፣ ስንቱን ቄስ አንበርክከው ሳህን እንዳሳዩት እኔ ምስክር ነኝ።

አንድ ሰሞን ሁለታችንንም አበርገሌ ላኩን። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ መንገዱ መንገድ ለመባል ይቀረዋል። ጎሕ ሲቀድ ተነስተን አንብበን ፀሐይ ሳትከር ጥላ እንይዛለን። አለቃችን በዚያ ሰሞን ከወንበሩ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ “ሪፖርቱ የታለ?” ከማለት በቀር ሰላምታ አያውቅም። ጋሽ ኪሮስ ግን በየደጁ ሰላምታቸውን ሳያደርሱ ቆጣሪ አይነኩም። ከብቱ እንዴት ነው፣ ማሽላው ያዘ ወይ፣ የታመመችው ልጅ ተሻላት ወይ። እኔ ፀሐዩ እየከረረብኝ ስቁነጠነጥ “ቆይ እንጂ ፈንታዬ፣ የሰው ቤት እኮ ነው” ይሉኛል።

ከዚያ አዲሶቹ ቆጣሪዎች መጡ። ሳህን የላቸውም፤ ፊታቸው ላይ ቁጥር የሚያሳይ መስኮትና አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አላቸው። ለማንበብ ላፕቶፕና ጫፉ ማግኔት የሆነ ገመድ ተሰጠን። ማግኔቱን ቆጣሪው ፊት ላይ ለጠፍ ስታደርጊው በብርሃን ይነጋገራሉ። ጋሽ ኪሮስ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር፤ “በስተርጅና ቁጢጥ” ብለው የሚሸሹ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን መነጽር ገዝተው መጡ።

ሥልጠናው ላይ የተላከልን ወጣት ቆጣሪና ላፕቶፕ የሚነጋገሩበትን ሥርዓት አስረዳን፤ ፕሮቶኮል ይሉታል። መጀመሪያ ላፕቶፑ “ማን አለ?” ይላል። ቆጣሪው ስሙንና በምን ፍጥነት መናገር እንደሚችል ይመልሳል። ላፕቶፑ “ተስማምቻለሁ” ይላል። ከዚያ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚመጣው። ደረጃውን ከዘለልሽ ወይ ረጅም ዝም ካልሽ ቆጣሪው ይዘጋብሻል፤ እንደገና ከሰላምታው ትጀምሪያለሽ። ጋሽ ኪሮስ ይኼን ሲሰሙ ጉልበታቸውን መቱ።

“ይኼማ የኛ አገር ሰው ነው!” አሉ። “ሰላም ሳይሉት አይናገርም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማግኔቱን ሲለጥፉ “እንደምን ዋልክ” ይሉታል፤ መንገደኛ ሳይቀር ይስቅባቸው ነበር። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ገመዱን ገለብጠው፣ ፊቱን ወልውለው፣ ፀሐይ እንዳይገባበት በጋቢያቸው ጋርደው ደግመው ይጠይቁታል። ፀሐይ የበዛበት ቆጣሪ እንደሚደነቁር በሥልጠናው አልነገሩንም፤ ያንን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

እነዚህ ቆጣሪዎች ሌላም ነገር ያውቃሉ። ድምሩን ብቻ አይይዙም፤ በየትኛው ሰዓት ስንት እንደተፈጀ፣ መብራት መቼ እንደሄደና መቼ እንደመጣ በሆዳቸው ያስቀምጣሉ። ለዚህ በውስጣቸው ሰዓት አለ። የቆጣሪውን ሰዓት የሚያስተካክለው ላፕቶፑ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ረጅም መንገድ መጥቶ ባትሪው አልቆ ስለነበር የራሱ ሰዓት ጠፍቶበታል። ጋሽ ኪሮስ ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር አይተው በፈረንጁ አቆጣጠር አስገቡ፤ በዚህ እንዳይሳሳቱ ሰው ሁሉ አስጠንቅቋቸው ነበር። ሰዓቱን ደግሞ እጃቸው ላይ ካለው ሰዓት አዩ። ረፋድ ነው፤ አራት ሰዓት። አራት ብለው አስገቡ። ቢሮው ውስጥ የነበርን ሁሉ እንደሳቸው ነው ሰዓት የምንቆጥረው፤ ማናችንም ልብ አላልንም። ለኮምፒውተሩ ግን አራት ማለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ገና ከእንቅልፉ ያልተነሳበት። ያንን ላፕቶፕ ይዘን የከተማውን ትልልቅ ቆጣሪዎች ሁሉ ሰዓት ሞላን። ድምሩ ትክክል ስለሚመጣ ማንም ምንም አላለም።

የውሃው ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰቆጣ ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ቢጫ ጀሪካን ከቦኖው እስከ መንገዱ ማዶ ይሰለፋል፣ ሰው ይጣላል። ፓምፑ ታንከሩን የሚሞላው ሌሊት ነው። በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ኃይል እያነሰው ይቆም ጀመር። ስለዚህ ወፍጮ ቤቶች ሌሊት እንዳይሠሩ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ወጥቶም ፓምፑ መቆሙን አልተወም። የማዕከሉ ሰዎች የወፍጮዎቹን ቆጣሪ ከሩቅ ጠየቁ፤ መጀመሪያ ሞደም የገባለት የሐጂ ይመር ወፍጮ ነበርና መልሱ ከዚያ መጣ። ቆጣሪው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ወፍጮው በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል አለ።

ሐጂ ይመር ከገበያው በታች ወፍጮ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከዚሁ ከዋጉ ዝቋላ ድረስ በአህያ ማሽላ ጭነው የሚመጡ ሴቶች ሌላ ወፍጮ አልፈው እሳቸው ዘንድ ይወርዱ ነበር፤ ዱቄቱ ሲመዘን የማይጎድል፣ መሽቶባቸው ቢያድሩ መጠለያ የማያጡበት ቤት ነው። እሳቸውና ጋሽ ኪሮስ ወዳጆች ናቸው። በየወሩ ቆጣሪ ሲነበብ ሁለቱ የጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ቁረጡ ተባለ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሦስት ሰዓት ገደማ፤ ወፍጮ ቤቱ በሴትና በአህያ ተሞልቷል። ጋሽ ኪሮስ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ ሰላምታቸውም እንደ ወትሮው አልነበረም።

“ሐጂ፣ ልንቆርጥ ነው የመጣነው” አሉ። “ሌሊት ይሠራል ተብሏል።”

“ማን ነው ያለው?”

“ቆጣሪው።”

ሐጂ ይመር ዱቄት የለበሰ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። “ሌሊት እኔ እተኛለሁ፤ ይኼን አላህ ያውቃል። ኪሮስ፣ አንተም ታምናለህ?”

ጋሽ ኪሮስ መሬት መሬት አዩ። “ቆጣሪ አይዋሽም ሐጂ።”

ሽማግሌው ራሳቸው ሄደው የወፍጮውን ሞተር አጠፉ። ሴቶቹ ያልተፈጨ ማሽላቸውን መልሰው ሲጭኑ አንዷ “ውሃችንን የሚጠጣው ይኼ ወፍጮ ነው ለካ!” አለች ጮክ ብላ። ገበያው ሰማ። ወሬው እስከ ማታ ቦኖው ዘንድ ደረሰ፤ በሳምንቱ ዝቋላ ደረሰ። የሐጂን የልጅ ልጆች ቦኖ ላይ የተሰለፉት ሰዎች “ጀሪካናችሁን አውጡ፣ ውሃችንን ጠጥታችሁ ጨርሳችሁታል” ብለው መለሷቸው።

የሐጂ ወፍጮ ተዘጋ። የፓምፑ ኃይል ግን ሌሊት ሌሊት ማነሱን አልተወም። ይኼ አንድ ሰው ሊጠይቅበት የሚገባ ነገር ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሐጂን ቆጣሪ ነቅላችሁ ለሌላ ደንበኛ ግጠሙ ተባልን። ከመገጠሙ በፊት የመጨረሻውን ንባብ ማውጣት ግድ ነው። ቢሮ አምጥተን ጠረጴዛ ላይ አበራነው። ጋሽ ኪሮስ ማግኔቱን ለጠፉ፤ እንደምን ዋልክ አላሉትም። ድምሩ መጣ። ቀጥሎ መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት ዝርዝር መጣ፤ የመጨረሻው እኛ የቆረጥንበት ነው። አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው እንደገና አዩት።

“ፈንታዬ፣ ይኼን ሰው የቆረጥነው መቼ ነው?”

“ገበያ ቀን ነዋ፤ ሦስት ሰዓት ላይ።”

“ቀን ነው ሌሊት?”

“ምን ነካዎት ጋሼ? አገር ሁሉ ቆሞ እያየን!”

“ይኼ ሌሊት ነው የሚለው” አሉ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። “ሦስት ሰዓት ይላል፤ ግን ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚለው። የኛን ሦስት ሰዓት የነሱ ሦስት ሰዓት አድርጎታል።” ከዚያ ወደ እጃቸው ሰዓት አዩ፣ ወደ ላፕቶፑ አዩ፣ እና ተቀመጡ።

እኔ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ወፍጮው ሥራ የሚጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቆጣሪው ሁለት ብሎ መዘገበ፤ የማዕከሉ ኮምፒውተር ደግሞ ያንን የሌሊት ስምንት አድርጎ አነበበው። ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ የፈጩት ሁሉ የሌሊት ሥራ ሆኖ ተቆጠረባቸው።

ጋሽ ኪሮስ ያንኑ ሰዓት ስልክ አንስተው ማዕከል ያለችውን ኢንጂነር ጠሩ። ስለራሳቸው አንድ ቃል አላስቀሩም፤ “ሰዓቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ ሰዓት ነው ያስገባሁት” አሏት። ልጅቱ ጨዋ ነበረች። “ጋሼ፣ ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም፤ እኛም ከመወሰናችን በፊት መጠየቅ ነበረብን” አለቻቸው። በማግስቱ መልሳችሁ ግጠሙ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ የፓምፑን መስመር የሚፈትሽ ቡድንም ተላከ፤ ትራንስፎርመሩ ላይ የተቃጠለ ማያያዣ አገኙ። ውሃው መጣ። በሥራው በኩል ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።

ጋሽ ኪሮስ ግን ቆጣሪውን ወዲያው አልገጠሙም። የገበያ ቀን እስኪደርስ ጠበቁ። የዚያን ቀን ጠዋት ከቢሮው አጥር ሥር ትልቅ ድንጋይ መርጠው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና መንገድ ጀመሩ። በኛ አገር በደለኛ ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ግን ይኼን የሚያደርገው ሰው የገደለ፣ ደም የተቃባ ነው እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ ሰዓት ስለተሳሳተ ድንጋይ ሲሸከም አይታይም።

“ጋሼ፣ ለምን ሽማግሌ አንልክም?” አልኳቸው እየተከተልኩ።

“ያዋረድኩት በገበያ ፊት ነው” አሉኝ፤ ጎንበስ እንዳሉ። “ቆጣሪውን ይዘሽ ከኋላ ነይ።”

ባጃጆች ቆሙ። ቅመም የምትሸጥ ሴት ሚዛኗን አስቀመጠች። ስለ ምን እንደሆነ ያላወቀው ያወቀውን እየጠየቀ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ስንደርስ ከኋላችን ብዙ ሰው ነበር። ሐጂ ይመር የተዘጋው በር ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል።

“ሐጂ፣ በደልኩዎት” አሉ ጋሽ ኪሮስ። “ቆጣሪው ሌሊት ያለው ቀን ነው። ሰዓቱን አሳስቼ የሞላሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ነግረውኝ ነበር፤ አላመንኩዎትም።”

የተበደለው “አውርድ” እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። የጋሽ ኪሮስ የአንገት ሥር ተገታተረ፤ ላብ ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ ቆጣሪውን አቅፌ አለቅሳለሁ።

“እዚህ ያለው ሰውስ ሰማህ” አሉ ሐጂ በመጨረሻ። “ዝቋላ የሄደውን ስሜን ማን ይመልስልኛል?”

“እኔ።”

“በምን?”

“በእግሬ።”

ሐጂ ይመር ተነሱ። አውርድ አላሉም፤ ራሳቸው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከወዳጃቸው ማጅራት አንስተው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ ጋሽ ኪሮስ ላብ እንዳጠመቃቸው የእጃቸውን ጀርባ ሳጥኑ ላይ አሳርፈው ዳሰሱና ቆጣሪውን ገጠሙ። በዚያው ሳምንት የከተማውን ትልልቅ ቆጣሪዎች ሁሉ እየዞርን ሰዓታቸውን አረምን።

ሰው የእግራቸውን ነገር የአፍ መሐላ ነው ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜ ሲደርስ በሶ ይዘው ዱላ አንስተው ወጡ። በዝቋላ ገበያዎች ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ቆመው “እኔ ሰቆጣ መብራት ቤት የምሠራ ነኝ፤ የሐጂ ይመር ወፍጮ ሌሊት ፈጭቶ አያውቅም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” ብለው ይናገራሉ። ያልገባው ሲጠይቃቸው ስለ ሁለቱ ሰዓት አቆጣጠር መሬት ላይ በዱላቸው እየሳሉ ያስረዳሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ፣ አንዳንዴ በኽምጣኛ፣ ያንኑ ይደግማሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ አልተዉትም። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ ስንመለስ ጫማቸው ተቀዶ እግራቸው ደምቷል። “ጋሼ፣ ይበቃል እንጂ፣ ሰው እኮ ረስቶታል” ብላቸው ተቆጡኝ። “መጥፎውን መቼ ረሳና!” አሉኝ። በሕይወቴ የተቆጡኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሁሉም አልተመለሱም። የጋሽ ኪሮስ ጉልበት ግን ደከመ። መጀመሪያ ሩቁን ገበያ ተዉ፣ ቀጥሎ ቅርቡን፣ በኋላ ከቤት መውጣቱን። አንድ ክረምት ላይ አረፉ።

ለቅሶ ቤት ሐጂ ይመር ወፍጮአቸውን ዘግተው መጥተው ከድንኳኑ አንድ ጥግ ተቀምጠዋል። እኔ እንግዳ አስተናግዳለሁ። ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ከሁለት ሴቶች ጋር፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቶባቸው፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ከቤተሰቡ የሚያውቃቸው አልነበረም። ከዝቋላ ሌሊት ተነስተው በእግር ነው የመጡት።

“ስማቸውን አናውቀውም” አሉ አሮጊቷ። “ገበያችን እየመጡ ‘የተሳሳትኩት እኔ ነኝ’ የሚሉት ሽማግሌ አረፉ ሲሉን ሰምተን ነው። ቤታቸው ይኼ ነው?”

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሐጂ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከጥጉ ተነሱ፤ በሰው መካከል እየረገጡ ሴቶቹ ዘንድ ደረሱ።

“ይኼ ነው እናቴ፤ ግቡ” አሉ። “እኔ ባለወፍጮው ነኝ።”

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ እጃቸውን ይዘውም “ነግረውናል፤ አንቱ ሌሊት ይተኛሉ” አሏቸው። ሐጂ ይመር እዚያው በሩ ላይ፣ እጃቸው በአሮጊቷ እጅ እንዳለ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ።